ጌሙ ውስጥ ያሉት ምኒልክ ዲፕሎማሲ አያውቁም

ዛሬስ ልተንፍሰው፣ አለዚያ ያፈነዳኛል። ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን፣ አገር እየመራህ ከሌሎች ጋር የምትፎካከርበትን የኮምፒውተር ጌም የምትጫወቱ ብሶቴን ታውቁታላችሁ፤ የማትጫወቱ እንደ ሐሜት አንብቡት።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2012 ወደ ጌሙ ስትገባ ሁላችንም አጨብጭበናል፣ አይካድም። መሪዋ አጤ ምኒልክ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲጫወትባቸው ጠባያቸው ምን ተደርጎ እንደተሠራ ግን ታውቃላችሁ? ኮረብታ ይወዳሉ። አለቀ! ኮረብታ ላይ ወይም አጠገቡ ከተማ ከቆረቆርክ ይቀየሙሃል፣ ከተውክላቸው ይወዱሃል። ከጣልያን ጠመንጃ እየተቀበሉ ከፈረንሳይ ጋር የሚመካከሩ፣ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ የሚጽፉ ንጉሥ የመሬት ደላላ ሆነው ቁጭ!

እሱን እንኳ ልለፈው። ያቃጠለኝ ድንበሩ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም በሁሉም ምድር እንደፈለገ ይንሸራሸራል። ከዚያ አንዱ አገር "ኧርሊ ኢምፓየር" የሚባለው ደረጃ ላይ ይደርስና በሩን ጥርቅም ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ወይ "ኦፕን ቦርደርስ" (ድንበር ክፈትልኝ የሚል ውል) ትዋዋላለህ፣ ወይ የጦር አጋር ትሆናለህ፣ ወይ ጦርነት ታውጃለህ። ስካውትህ (ቃኚህ) ውሻውን ይዞ አገር ሊያይ የወጣ ምስኪን ነው፣ አያልፍም። ሠራተኛህ ባዶ እጁን ነው፣ አያልፍም። ሚሽነሪ ከሆንክ ግን ማን ከልክሎህ! ሰው ከተማ መሃል ገብተህ ሕዝቡን ሃይማኖት አስቀይረህ ትወጣለህ፣ ወዴት ነህ የሚልህ ዘበኛ የለም። አፄ ፋሲል ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው፣ ዳግም እንዳይገቡ ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት ጋር ሳይቀር የተስማሙ ንጉሥ ናቸው። በእውነተኛው ዓለም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እኮ ሰባኪው ነው። ጌሙ ገልብጦት ውሻ ጎታቹን ያሳድዳል።

አሁን እውነተኛው ምኒልክ ያደረጉትን ስሙ። በ1900 ዓ.ም. ዛሬ ኬንያ የምንለውን ድንበር ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ውሉ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፦ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ ሕዝቦች እንደ ቀድሞው ማዶ ተሻግረው ከብት ማሰማራት ይችላሉ። ሲሻገሩ ግን የሚዳኙት በዚያኛው አገር ሹም ነው። የውኃ ጉድጓዱም አይከለከሉም። በቃ፣ ይኼ ነው ድንበር ማለት! መስመሩ አለ፣ ሹሙ አለ፣ የቦረናው ከብትም ውኃ ይጠጣል። ወታደር ይለፍ የሚል ቃል ግን የለበትም። ጌሙ ላይ ይህን ልዋዋል ብትል የት ትጫናለህ? ቁልፉ የለም! ለከብቱ ብለህ ከከፈትክ ታንኩም አብሮ ይገባል። ያውም ለ30 ተርን (ዙር) ብቻ። ቀጠሮው ሲያልቅ ደግሞ እንደ ኪራይ ቤት ድጋሚ ድርድር፤ ትናንት በነጻ የሰጠህ ሰውዬ ዛሬ ወርቅ፣ ፈረስና ሐር ጨምር ይልሃል።

በቀደመው በሲቪላይዜሽን 5ማ ይባስ ነበር። ውሉ ባለቀባት ቅጽበት ሰው ምድር ውስጥ ያለ ጦርህ ብን ብሎ ድንበር ውጭ ይገኛል። አንዳንዴ ከተራራው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሌላውስ? አረመኔዎችን ለማባረር ሁለት ቀስተኛ ይዘህ በሰው ድንበር ጥግ ስታልፍ ሰውዬው ይከሰትና "ወታደሮችህ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" ይልሃል። መልስህ ሁለት ነው፦ ወይ "እያለፉ ነው"፣ ወይ እዚያው ጦርነት። "ጌታዬ፣ ሽፍታው እኮ ከአንተ ግዛት ነው የሚመጣው፣ አብረን እንያዘው" የሚል አማራጭ የለም። ጎረቤት አገሮች ከሚነጋገሩበት ጉዳይ ስንቱ ይኸው መሰላችሁ!

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። አንዱ ተነስቶ ይወርሃል፣ ትመክታለህ፣ አሸንፈህ ከተማውን ትይዛለህ፤ ዓለም ተሰብስቦ ተስፋፊው አንተ ነህ ይልሃል። ቆይ፣ ዓድዋ እንዲህ ነበር እንዴ? ድሉ የካቲት 1888 ነው። ጣልያን ራሷ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ፈረመች። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳይ፣ ግንቦት ላይ የእንግሊዝ መልእክተኞች ከምኒልክ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። ያሸነፈን ሰው ዓለም ደጅ ይጠናዋል እንጂ አያኮርፈውም። (ለነገሩ ምኒልክም ከዓድዋ በኋላ መረብን ተሻግረው አልቀጠሉም፤ ይህ እኮ ራሱ ዲፕሎማሲ ነው። ጌሙ ላይ ግን ራሱን ለገታ አሸናፊ ማን ነጥብ ሊሰጠው!) ለእውነቱ ከሆነ ከየካቲት 2011 ወዲህ ስድስተኛው ላይ "ግሪቫንስ" የሚባል የቂም መቁጠሪያ ጨምረዋል፤ ማን ማንን ቀድሞ እንደበደለ ይመዘግባል። ተሻሽሏል። ቂም መቁጠር ብቻውን ግን ሽምግልና አይደለም፤ ደም ካሳ የት አለ? ዋስ የት አለ?

ወደብ ላይ ስደርስማ ደሜ ይፈላል። ግዛቱ ባሕር የሚነካ ከተማ ከሌለህ መርከብም የለህም፣ በባሕር ንግድም አይታሰብም። ጎረቤትህ ወደቡን እንዲያከራይህ፣ ዕቃህን አራግፎ በባቡር እንዲልክልህ መዋዋል አትችልም። ያለህ ምርጫ በአብዛኛው ከተማውን መውረር ነው። ጌሙ ወረራን ያስተምርሃል ማለት ነው! ምኒልክ እኮ የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ወደቡ የፈረንሳይ መሆኑን እያወቁ ነው። ባቡሩ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። እኛም እስከ ዛሬ ገቢና ወጪ ዕቃችንን በአብዛኛው በዚያው በር ነው የምናመላልሰው። የወደብ ኪራይ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የነዳጅ ሰልፍ አስረድቶናል።

ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚባለው ሌላ ጌም በዚህ ትንሽ ይሻላል፤ የጦር ማለፊያ ለብቻው፣ መርከብን በሰው ወደብ ማሳረፍ ለብቻው ትጠይቃለህ። ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ፣ ይቻላል። ሞድ (ጌሙ ላይ የሚጨመር የተጫዋቾች ማሻሻያ) የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ የምለምናችሁ ይህችን ነው፦ ለሠራተኛና ለከብት ብቻ የሚከፈት ድንበር፣ በዓመት የሚከፈልበት የወደብ ኪራይ። ግራፊክሱን ተዉት፣ ውኃው በቂ ያብረቀርቃል።