ከፉኩሺማ እስከ ሳቢያን፦ ሰፈሩን ራሱ የሚለካ ሰው

እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ላይ አደጋው ሲደርስ፣ የጃፓን መንግሥት የሚያወጣው የጨረር ቁጥር ለሰፊ አካባቢ የሚሆን ነበር። ወላጆች ማወቅ የፈለጉት ግን የልጃቸውን መጫወቻና የቤታቸውን አሸንዳ ሥር ነው። ስለዚህ ሰፈርተኛው ራሱ መለካት ጀመረ። ሴፍካስት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ጋይገር ቆጣሪ የሚባለውን የጨረር መለኪያና ጂፒኤስ በአንድ ሳጥን አድርጎ፣ መኪና መስኮት ላይ እየሰቀለ በየ5 ሴኮንዱ መዘገበ፤ መረጃውንም ማንም እንዲወስደው ክፍት አደረገው። እዚህ ድሬዳዋ ለምንኖር ሐበሾች ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቀናው የአለካክ ሥርዓታቸው ነው።

መሣሪያው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ትንንሽ ልጆች የሚውሉበት ቦታ ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር። አፈር እንዳይነካው በስስ ላስቲክ ይጠቀለላል። ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ደጋግሞ ይነበባል፣ አማካዩ ይያዛል። ከአሸንዳ ሥር፣ ከቦይ ዳርና ከድንጋይ ሽበት ላይ ንባቡ ከግቢው መሀል ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ዝናቡ ከጣሪያ ያጠበው ሲዚየም (ከጣቢያው የወጣው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) እዚያ ሄዶ ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃልና። መሣሪያውን መሬት ላይ አስተኝቶ ያገኘውን ቁጥር የሰፈሩ ጨረር አድርጎ የሚያወራ ሰው ያኔ ሕዝቡን በከንቱ ያሸብራል። ስሌቱም ያስታል፦ በሴፍካስት መሣሪያ ላይ በደቂቃ 334 ምት አንድ ማይክሮ ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በሰዓት የሚሆነው ሲዚየም 137 ለተባለው ዓይነት ነው፤ ሌላ የጨረር መቁጠሪያ ቱቦ ያለው መሣሪያ ሌላ ስሌት አለው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይባል። በኦክቶበር 2011 በቶኪዮ ሴታጋያ ወረዳ መንገድ ዳር ከፍ ያለ ጨረር ተገኘ። ብዙ ሰው ከፉኩሺማ የመጣ መሰለው። ሲጣራ ከአሮጌ ቤት ወለል ሥር የቆዩ፣ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለባቸው ጠርሙሶች ናቸው። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ጋይገር ቆጣሪ ግን ጨረር መኖሩን እንጂ ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደመጣ አይናገርም።

ድሬዳዋ የኑክሌር ጣቢያ የላትም። ያም ሆኖ ያንኑ ቆጣሪ ይዞ ከድሬ ወደ ሐረር የወጣ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ቢጨምርበት አይደንቅም፤ ከፍታው ሲጨምር ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ይበልጣል፣ በባቢሌ በኩል እንደሚታየው ያለ ግራናይት ድንጋይም የራሱ ጨረር አለው። የተፈጥሮው መጠን ሳይታወቅ ብክለት ማለት አይቻልም።

ድሬ ላይ ይህ ሥርዓት ቢያዝ የሚጠቅመው ለውኃው ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ሰፈርን ጨምሮ የውኃ ጉድጓዶቹ ያሉት ቤትና መጸዳጃ ጉድጓድ በበዛበት አካባቢ ስለሆነ፣ ከመጸዳጃ ቆሻሻ ወደ ውኃው የሚሰርገው ናይትሬት የተባለ የናይትሮጅን ውሁድ አሳሳቢ ነው። ሰው ግን የሚፈራው ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ነጩን ነገር ነው። እሱ ካልሲየም ነው፤ ናይትሬት ደግሞ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የለውም።

ውኃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠው የናይትሬት መለኪያ ወረቀት ርካሽ ነው፣ ግን የድሬ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ክዳኑን ገጥሞ ከፀሐይ ማራቅ የግድ ነው። ቧንቧውን 2 ደቂቃ ያህል ከፍቶ (የሚፈሰውን በባልዲ ተቀብሎ፣ ውኃ አይባክንም)፣ ጠርሙሱን በዚያው ውኃ 3 ጊዜ አለቅልቆ መቅዳት። ቀለሙን ማሸጊያው ባለው ደቂቃ ላይ ማንበብ፤ ከዘገየ ደምቆ ያሳስታል። ውኃው የቧንቧ፣ የሮቶ ወይስ የቦቴ እንደሆነ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከሰፈሩ ጋር መጻፍ፤ የሮቶ ውኃ የቀናት ቅልቅል ነው። ያንኑ ቧንቧ ከክረምት በፊትና በኋላ መለካት። ወረቀቱ ናይትሬት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በ4.4 ማባዛት ያስፈልጋል፤ 11 ያየ ሰው «ትንሽ ነው» ብሎ ያልፋል፣ በናይትሬት ግን ወደ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ።

ከዚያ በላይ ከታየ በማግስቱ በአዲስ ወረቀት ይደገማል፤ ቁጥሩ ከጸና ናሙናው በበረዶ ተይዞ ቶሎ ላቦራቶሪ ይገባል። እስከዚያው ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የዱቄት ወተት በዚያ ውኃ አይበጠበጥ። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ ውኃው ሲተን ናይትሬቱ ይቀራል፣ ይባስ ብሎ ይወፍራል።