ፖፖውን ማን አወጣው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቀድሜ ነግሬያለሁ፤ ቁጣ የማይወድ እዚህ ጋ ይተወኝ።

ነገሩ የሆነው እኛ ሰፈር ነው። የሴትዮዋን ስም አልጽፍም፤ እትዬ ልበላቸው። በወጣትነታቸው ቴአትር ቤት ተቀጥረው ይተውኑ ነበር። ክራርም ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉም። ድምፃቸውን ያረጁ ካሴቶች ላይ ሰምታችሁት ይሆናል፤ የማን እንደሆነ ግን አታውቁም። ዛሬ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ከአልጋ የምታነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታበላቸው የእህታቸው ልጅ ናት። ይህን ሁሉ የነገረችኝም እሷ ናት።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ወጣቶች መጡ። ካሜራ፣ መብራትና ማይክ ይዘዋል። አንድ ፌስታል ብርቱካንና አንድ እሽግ ዳይፐርም አላቸው። «የተረሱ ባለውለታዎችን እያስታወስን ነው ማዘር» አሉ።

እትዬ ደስ አላቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ከልባቸው ደስ አላቸው። «ትንሽ ደጅ ጠብቁኝ» ብለው ልጆቹን አስወጡ። ፀጉራቸውን አስጎነጎኑ። ከሳጥን ውስጥ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ አስወጡ። ኩል አምጪ አሉ። ከዚያ ቤቱን እንደ ተዋናይ ያዩት ጀመር። ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። ፖፖው አልጋው ስር ወደ ውስጥ ይገፋ፣ የአልጋ ልብሱም ጫፉ ይውረድበት። ሁሉም ሲሰናዳ «በሉ ይግቡ» አሉ። ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁት «መብራቱ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብለው ነው።

ካሜራ የያዘው ልጅ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። አልወደደውም። ቤቱ ከሚፈልገው በላይ ንጹሕ ሆኖበታል። «ማዘር፣ ነጠላውን ብናወርደውስ?» አለ። እምቢ አሉት። ጎንበስ አለና ፖፖውን በእግሩ ስቦ አወጣው። ካሜራው ከሚያየው ቦታ ላይ አቆመው። የእህታቸው ልጅ መልሳ ከአልጋው ስር ከተተችው። «ባክሽ ተይው፣ ሪያል ይሁን። ሰው እኮ ካላዘነ አይረዳም» ብሎ እንደገና አወጣው።

እትዬ እያዩ ነበር። ምንም አላሉም። መድረክ ላይ ያረጀ ሰው ተመልካች ፊት አይጨቃጨቅም።

ከዚያ ክራር አቀበሏቸው። የራሳቸው አይደለም። የእሳቸው ክር የለውም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹ ከሆነ ቦታ ተውሰው ያመጡት ነው። ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። «ግዴለም ማዘር፣ እንደገና» ተባሉ። አሁንም አልሆነም። «አንዴ ብቻ» ተባሉ። በኋላ ያየነው ቪዲዮ ላይ የገባው ያልሆነው ሁሉ ነው። ጣቶቹ ክሩን ሲስቱ፣ በቀረበ ምስል፣ ከስር የዋሽንት ድምፅ ገብቶበት።

ለመጨረሻ ደግሞ «ሕዝቡ ረስቶኛል፣ አልቅሼ ልሞት ነው» እንዲሉ ተጠየቁ። እትዬ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ጽሑፉን ተውልኝና ላጥናው። ካመንኩበት እጫወተዋለሁ» አሉ።

ይቺ ግን ቪዲዮው ላይ የለችም። ቆርጠዋታል።

ቪዲዮው ሲወጣ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ሻማና ጥቁር ጥብጣብ አለበት። የአንጋፋዋ ተዋናይትና ድምፃዊት የመጨረሻ ቃል ይላል። ሞቱ አይልም። አልሞቱምም አይልም። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ቡና ሳይፈላ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበር ጀምረው እየጮኹ ገቡ። ከድሮ ሰፈራቸው የመጡ ናቸው። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ። የእህታቸው ልጅ «አሉ! አሉ! በሕይወት አሉ!» እያለች ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ማንም አልሰማት። እትዬ ግን ውስጥ ሆነው የገዛ ለቅሷቸውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምተዋል።

ስንገባ ትራሳቸውን ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር። «ለቅሶው ጥሩ ነበር» አሉ። «የኋለኛዋ ግን ትንሽ አበዛችው።» ሳቅን። ምን እናድርግ? የመጡትም አብረው ሳቁ፣ እየሳቁም አለቀሱ። ማታ ግን እትዬ እህል አልቀመሱም አለችኝ የእህታቸው ልጅ። በማግስቱም አልቀመሱም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልጆቹን ለመስደብ እንዳትቸኩሉ። እነሱ ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውን ይፈልጋሉ። ፖፖውን ያወጡት እኛን ስለሚያውቁን ነው። ነጠላዋን ለብሳ፣ ኩሏን ተኳኩላ ስለ ሥራዋ የምታወራ አሮጊት እንደማናይ ያውቃሉ። ክራር እንዴት እንደሚቃኝ ብታስረዳን እንዘላታለን። ንግሥት ሆና ስትተውን አንድ ሰው ከአዳራሹ ተነስቶ እንደሰገደላት ብትተርክ እንዘላታለን። ፖፖ ሲኖር ግን እንቆያለን። ፖፖ ሲኖር ሼር እናደርጋለን። ከስር ደግሞ «አይ ኢትዮጵያ፣ ባለውለታዋን የማታውቅ» ብለን እንጽፋለን። ይቺ ኢትዮጵያ የምትባለው ማን ናት? ጎረቤታችን ናት? አክስታችን ናት? አንተ ነህ እኮ። አንቺ ነሽ። እኔም ነኝ፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ።

የሚገርመው፣ ይሄ ጠባይ አዲስ አይደለም። ስልኩ ነው አዲሱ።

እትዬ በልጅነታቸው እንደ አስናቀች ወርቁ መሆን ነበር የሚፈልጉት። ዛሬ አስናቀች ስንል ሁላችንም ደረታችንን እንነፋለን። ግን እሷ ወደ መድረክ የወጣችበትን ዘመን አስቡት። በ1940ዎቹ ሴት ተዋናይ የሚባል ነገር አልተለመደም። የሴት ገጸ ባሕርይ ሲኖር ወንድ ሻሽ አስሮ ይጫወታል። አባባ ተስፋዬ የምንላቸው ተስፋዬ ሣህሉ እንኳ ልጆችን በቴሌቪዥን ተረት ከማውራታቸው በፊት ሴት ሆነው ተውነዋል። አስናቀች ናት ያንን በር ከከፈቱት ግንባር ቀደሟ። ብዙዎች በሙያው የመጀመሪያዋ ሴት ይሏታል። በዚያ ላይ ክራር! በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የሰይጣን ነው በሚባልበት አገር፣ አንዲት ቆንጆ ሴት ክራሯን ታቅፋ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች ትዘፍናለች። ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ያጨበጭብላታል። መንገድ ላይ ግን አዝማሪ ይላታል። ልጁን ለመዳር ሲሆን ደግሞ «ከእነዚያ ወገን እንዳትሆን» ብሎ ያጣራል። ያው ሰው ነው፣ ማታ ያጨበጨበው።

በ1960ዎቹ ክራሯን ይዛ፣ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን፣ ተማረ ሐረጉ ከበሮውን ይዘውላት ዘፈኖች ቀድታለች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 16ኛ አድርጎ ለዓለም አወጣው። ያኔ ነው ብዙ ወጣት «ለካ እንዲህ ያለች ነበረችን» ያለው። ከፓሪስ ዞሮ ሲመጣ ጣፈጠን። እሷ እኮ እዚሁ ነበረች። ብሔራዊ ቴአትርን በድምጿና በትወናዋ ለረጅም ዘመን አገልግላ፣ አርጅታ አዲስ አበባ ውስጥ ትኖር ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ያን ሰሞን ስለ እሷ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? እኛ አንገቱን የምናየው ሲሞት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እሱንም አሻሽለነዋል። እስኪሞቱ መጠበቅ ትተናል።

«መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ይሠራ፣ ማን ከለከለው። ግን እናንተ የማታስቡትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመንግሥት ቴአትር ቤት የሚሠራ ተዋናይ ወይም ሙዚቀኛ የወር ደመወዝተኛ ነው። አዳራሹ ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው። ጡረታውም የሚሰላው ከዚያችው ደመወዝ ነው። ድሮ ትንሽ የነበረች ደመወዝ ዛሬ ስንት ዘይት ትገዛለች? ትወናው ደግሞ አይሸጥም፤ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ሰዓሊ ሥዕሉ፣ ደራሲ መጽሐፉ፣ ዘፋኝ ካሴቱ ይቀርለታል፤ የሚይዘው ነገር አለው። ተዋናይ ከራሱ ሌላ ምን አለው? እትዬ ሁለቱንም ስለነበሩ ዘፈኑ ሊጦራቸው ይገባ ነበር። እሱንም እኛ በላነው። ካሴቱን ገልብጠን ለጓደኛ ሰጠን። ዛሬ ያ ድምፅ ምሽት ቤት ውስጥ ቢራ ያሸጣል፣ ታክሲ ውስጥ ይንቆረቆራል፣ የሰው ዩቲዩብ ላይ በየቀኑ ሳንቲም ይቆጥራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፣ ከዚያም ተሻሽሏል። የከዋኙን፣ ማለት የዘፋኙንና የተዋናዩን፣ መብት በጽሑፍ ያውቀዋል። አዋጁን ግን የእትዬ አልጋ አጠገብ ማንም አንብቦት አያውቅም። ምሽት ቤት ባለቤቱ አልከፈለም፣ እኛም «የዘፋኟስ?» ብለን አልጠየቅንም። ሒሳብ ስንከፍል የሽንኩርቷን ሳይቀር የምንቆጥር ሰዎች!

እና መልሰን ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን። የራሷን ገንዘብ በፌስታል እያዞርን ምጽዋት አደረግነው። ከዚያ ደግሞ እናስቀርጸዋለን።

እስቲ ተናደዱብኝ። ግን ከመናደዳችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ተመልከቱት። ባለፈው ሳምንት ስንት በሽተኛ አያችሁ? ስንቱን ሲያለቅስ አያችሁ? ከመካከላቸው የአንዱን ሥራ፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ ትወና ፈልጋችሁ አይታችኋል? አንድ ቴአትር ትኬት ገዝታችሁ የገባችሁት መቼ ነው? እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ብሔራዊን የሚያውቁት የታክሲ መውረጃ ስም አድርገው ነው። «ብሔራዊ ወራጅ አለ!» በቃ። ውስጥ ሰው ይተውናል እኮ! ዛሬም!

የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የታመመ አርቲስት ስታዩ ካሜራ ይዛችሁ አትግቡ። ካሜራ ይዞ ለገባም ዓይናችሁን አትስጡት። እርዳታ ማሰባሰብ ካለባችሁ አሰባስቡ፤ ሰው ሲታመም መረዳዳት ባህላችን ነው፣ እድርም ያለው ለዚሁ ነው። ግን ነጠላዋን አስወልቃችሁ አይሁን። ልብሷን ለብሳ፣ ሥራዋ ተጠርቶ፣ «ይህቺ ናት ለእናንተ የሠራችው፣ ክፈሏት» ይባል። ያኔ የምታወጡት ብር ውለታ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ ነው? እንጃ። ይህን የሚያነብ ግማሹ «እውነት ነው» ብሎ ያልፋል። ሌላው ግማሽ የእትዬን ስም ንገረን ይለኛል፤ ቪዲዮውን ፈልጎ ሊያይ። አልነግራችሁም። ደክሞኛል፣ ግን ተስፋም አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱም ካለቀሱት ሴቶች አንዷ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ለሻማና ለጥብጣብ አልነበረም። ክር ይዛ ነው። ያን የተሰቀለ ክራር አወረዱት፣ አቧራውን ጠረጉት፣ አምስቱንም ክር አሰሩት። እትዬ መምታት አልቻሉም። መቃኘት ግን ይችላሉ፤ ጆሯቸው አልታመመም። «ላላ አድርጊው… እንደገና… አሁን» ይላሉ።

ክሩን ያመጣችው ሴት የልጅ ልጅ አሁን እሑድ እሑድ ክራር ሊማር ይመጣል። ሁለት የሰፈር ልጆችም ተጨምረዋል። ገና ሲመጡ ስልክ ደጅ ያስቀምጣሉ፣ ይሄ የእትዬ ሕግ ነው። ፖፖው አልጋው ስር ነው፣ የአልጋ ልብሱም ወርዶበታል። ቦታ ስላለ ልጃችሁን ላኩ። ክፍያው በወር ነው፣ የሚከፈለውም በቅድሚያ ነው። ዋጋውን አትከራከሯቸው፤ እኔ ሞክሬ ተቆጥተውኛል።