የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ዛሬ ጠዋት የእርዳታ ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የድርጅታችን ምዝገባ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ምክንያት? «አድራሻዎ ሊረጋገጥ አልቻለም።»

የመንገድ ስም አምጡ ይላሉ። እኛ ሰፈር መንገድ ስም አለው እንዴ? ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ቢጫው በር ነው አድራሻችን! የቤት ቁጥር? ወረዳው «አዲስ» ብሎ ጽፎልናል። ቤቱ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም አዲስ ነው። ፈቃዳችን ላይ ቂርቆስ በእንግሊዝኛ በ«K» ተጽፏል፣ ባንኩ ደግሞ በ«Q» ጽፎታል። አለቀ! ሁለት ድርጅት ሆንን።

ይሄ ሁሉ ገና ማመልከቻ ለመጻፍ ነው እንግዲህ። የውጭ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ነው፣ የማን እንደሆነ ይቅርብኝ። ጥሪው ዘጠና ምናምን ገጽ። ሰኞ ሰማን፣ ዓርብ ይዘጋል። ዓርብ መብራት ጠፋ። እንደተለመደው።

ደግሞ «ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ገንዘብ ያስተዳደረ» ይላል። ማን ሰጥቶን? ሳይሰጡን በምን እናስተዳድር? በጸሎት?

እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾች ቃል ገብተው ነበር። በ2020 ከሰብዓዊ እርዳታው ቢያንስ 25 በመቶ ለሀገር በቀል ድርጅቶች በተቻለ መጠን በቀጥታ ይደርሳል ተብሎ። በቀጥታ! እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ገንዘቡን ያሸነፈው የውጭ ድርጅት ነው፣ በላንድክሩዘር። «ማኅበረሰቡን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ አብረን እንሥራ» ይለናል። ሥራው የእኛ፣ ሎጎው የእሱ። የእሱ አድራሻ ተረጋግጧላ!

ለማንኛውም ወረዳ ልሄድ ነው። የቤት ቁጥራችንን «አሮጌ» ይበሉልን።