ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ርካሹ ማውንቴን ሳይክል

ጉዳዩ፦ የግራ ፔዳልዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ሰሞኑን ዳገት መሃል ላሳዩት ትርኢት የከበረ ምስጋናችን ይድረስዎ። ነጂዎ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ሙሉ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ሲጥል፣ እርስዎ ፔዳሉን ከነጥርሱ ነቅለው ሸኙት። እግሩ አየር ረገጠ፤ ሌላው አካሉ ብረቱ ላይ አረፈ። የትኛው አካሉ እንደሆነ ሳይክል የነዳ ሁሉ ስለሚያውቀው አንዘረዝርም። ፔዳሉ ቁልቁል ተንከባሎ ሄደ፣ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፣ አንድ መንገደኛም "ሳትለምድ አስፋልት ምን አወጣህ?" ብሎ ገሠጸው። ለእርስዎ ግን ማንም ምንም አላለም።

ጥፋቱ የማን እንደነበር እንንገርዎ። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው በተቃራኒው። ይህም የሆነው በተረገጠ ቁጥር ራሱን እየፈታ እንዳይሄድ ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱ አንዱ ፐርኖ (ፔዳሉን ክንዱ ላይ የሚያስገባው ዘንግ) ጫፍ ላይ ኤል፣ ሌላው ላይ አር ተቀርጿል። ከካርቶን አውጥቶ የገጣጠመዎት ሰው ግን አንዲት ፊደል የሚያነብበት ጊዜ አልነበረውም። አቀያየራቸው። አልገባ ሲሉት በረጅም ቁልፍ አስገደዳቸው። ፐርኖው ብረት፣ የፔዳሉ ክንድ ለስላሳ አሉሚኒየም ነውና ብረቱ የነበረውን ጥርስ እየላጠ ሁለት ሦስት ዙር ገባና ቀጥ አለ። ከውጭ ለሚያይ ጥብቅ ብሏል። ሜዳ ሜዳውን ያስኬዳል፤ ቆሞ የረገጠ ቀን ግን የቀረችው ስስ ጥርስ ተጠራርጋ ትወጣለች። በዚህ ስሌት የቀኙም ተራውን እየጠበቀ ነው። እሱ ሲለቅ ደግሞ ካቴናው የሚዞርባቸው የፊት ጥርሶች ክንዱ ላይ በሪቬት የተመቱ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ላይ መግዛት ነው።

ትክክለኛው ሥራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥርሱን ግራሶ መቀባት፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ብቻ ማስገባት፤ በጣት እንቢ ካለ ወይ ጎኑ ተሳስቷል ወይ ተጣሟልና አውጥቶ እንደገና መጀመር፤ በመጨረሻ በ15 ቁልፍ 35 ኒውተን ሜትር ያህል ማጥበቅ። በቃ። የሰው ክብር የወደቀው ለዚህች ነው።

ከዚያ ዋስትናው አለ። ደረሰኝ ይዞ ለሄደ "ካርቶኑስ?" ካርቶን ተሸክሞ ለተመለሰ "ቅጽ ይሙሉ።" ቅጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ሳይክሉ ኮረኮንች ላይ ተነድቷል?" አዎ ያለ ዋስትናው ፈርሶበታል። የለም ያለ ደግሞ "ታዲያ እንዴት ተበላሸ?" ተብሎ ይጠየቃል። "የገጣጠመው ባለሙያ ነው?" የገጣጠማችሁት እናንተው ናችሁ ቢባሉ፣ እሱ ሌላ ክፍል ነው፣ ሰልፉም በዚያ በኩል ነው። በስተመጨረሻ ፔዳል "በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ" ሆኖ ተገኘ። እሺ፣ የቱ አገልግሎት?

ለነገሩ እርስዎ ራስዎ አልዋሹም። የብዙ ዘመዶችዎ ገላ ላይ "ከመንገድ ውጭ ለመንዳትና ለመዝለል አይደለም" የሚል ተለጣፊ አለ። ስምዎ የተራራ፣ ጎማዎ ጥርሳም፣ ተለጣፊዎ ግን ከአስፋልት አትውረዱ ባይ።

የዘር ሐረግዎን ቢያውቁት ደግሞ ያፍሩ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ የተሰባሰቡ ወጣቶች በአሮጌ ሳይክል ከተራራ ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ነበር። የኋላ ፍሬናቸው በጎማው መሃል ባለው ሞዞ ውስጥ ስለነበር ሙቀቱ ግራሶውን አትንኖ ይጨርሰው ነበርና ከአንድ ቁልቁለት በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። ውድድሩም "ሪፓክ" የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእርስዎ ሞዞ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የሚተን ግራሶ ይዞ አይመጣም።

ወደ ሾክዎ እንምጣ። ሁለት አለዎት፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ከኮርቻው ሥር፣ ሁለቱም ደማቅ ቀለም የተቀቡ። ውስጣቸው ሞላ ብቻ ነው። ሞላ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ ያንን መልስ የሚያበርደው በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ዘይት ነው፣ እርስዎ ዘንድ እሱ የለም። ስለዚህ ጉድጓዱን የዋጡ መስለው ቀጥሎ ያለው ላይ ነጂውን ያስፈነጥሩታል። ዳገት ላይ ደግሞ የኋላው ሞላ በረገጡት ቁጥር ቁጭ ብድግ ይላል፣ ጎማውን ሊያዞር የሚገባው ጉልበት ሞላ በመጭመቅ ያልቃል። መጋጠሚያዎቹ የፕላስቲክ ቡሽ ስለሆኑ ጥቂት ወራት ቆይቶ የኋላው ጎማ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ተሸክመው ክብደትዎ ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል። የሚያናድደው ክብደቱ እንኳ አይደለም። እርስዎን ለመሥራት የተመደበው ወጪ ትንሽና የተቆረጠ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ጌጦች የወጣው ከኩሽኔታው፣ ከቸርኬውና ከፍሬኑ ተቀንሶ ነው።

ሃያ አንድ ማርሽ፦ ሦስት ከፊት፣ ሰባት ከኋላ። የሚሠሩት አራት ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ በየዕለቱ ይቀያየራል።

ፍሬኑ ላይ ስንደርስ ግን አንቱታው ይቅርብህ። የፍሬን እጀታህ ፕላስቲክ ነው፤ ስትጨመቅ ካቦውን ከመሳብ ይልቅ ራሷ ትለመጣለች። ክንዶቹ ከስስ ላሜራ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ሸራው ደርቆ የጠነከረ ነው። ቸርኬህ ከአሉሚኒየም ሳይሆን ክሮም ከተቀባ ብረት ከሆነ፣ ዝናብ በነካው ሰዓት ጨብጠህ ያዝ ቢሉህ አትይዝም። የፊት ሹካህን አንዳንዴ ወደ ኋላ አዙረው ይገጥሙታል፤ የፊት ፍሬኑ ክንዶች ከሹካው በስተኋላ ከታዩ ተገልብጧል ማለት ነው፣ የመሪው አያያዝ ይበላሻል፣ እግርም ከጎማው ጋር ይጋጫል። እንዲህ ሆነህ ለልጅ ትሸጣለህ! ልጁ ቁልቁለት ሲጀምር አባቱ "ፍሬን ያዝ" ብሎ ይጮኻል፣ ልጁም ይይዛል፣ በሁለት እጁ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። አንተን የሚገዛህ ገንዘብ የተረፈው ሰው አይደለም፣ ሁለት ጊዜ መግዛት የማይችል ነው። ለእሱ ነው የማይቆም ዕቃ የምትሸጥለት።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ቀጥለናል።

የኋላ ፐርኖዎም አንድ ነገር ይባልለት። ሰባቱ ጥርሶች ሞዞው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዘው የሚታሰሩ ዓይነት ናቸውና የቀኙ ኩሽኔታ ከእነሱ ወዲህ፣ ወደ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። ከኩሽኔታው እስከ ሳይክሉ አካል ያለው የፐርኖ ክፍል ደጋፊ የለውም። ከባድ ሰው ጥቂት ጉድጓድ ሲመታ ይታጠፋል፣ ታጥፎ ሲነዳ ይሰበራል። ጎማውን አውልቆ ፐርኖውን በጣት ማዞር ነው፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከዞረ ታጥፏል። ደህና ሳይክሎች ላይ ኩሽኔታው እስከ ጥርሶቹ ውጭኛ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ስለሚቀመጥ ይህ ጣጣ እምብዛም የለም።

ታዲያ መነዳት ይገባዎታል? ባለሁለት ሾኩ ወንድምዎ አይገባውም፣ በነጻ ቢሰጥም። የኋላ ሞላ የሌለው፣ ቢቻል የፊት ሹካውም ደረቅ የሆነ፣ ቸርኬው አሉሚኒየም፣ ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጥ፣ ማርሹም ጥቂት ከሆነ ግን ለአጭርና ለለጥ ያለ መንገድ ያገለግላል፤ ያውም እንዳልተገጣጠመ ተቆጥሮ ከዜሮ ከተሠራ በኋላ። የሁለቱንም ጎማ ሞዞ በ13 እና በ15 ስስ ቁልፍ ፈትቶ ግራሶ መሙላት፣ ሳይላወስም ሳያንቅም በጣት እንዲዞር አድርጎ ማሰር። የቸርኬውን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እየጨበጡ የላላውን ማጥበቅ። የፔዳል ክንዶቹን ማሰሪያ ብሎን ማጥበቅ፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ደግሞ ማየት፤ እየላላ የተነዳ ክንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ስለሚሰፋ ከዚያ ወዲያ ቢጠብቅም አይዝም። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ኤል የተጻፈባትን ትንሽ ብሎን ማስተካከል፤ አለበለዚያ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባና መቀየሪያውን ይዞ ይዞራል። የፍሬን ሸራውን በለስላሳ መለወጥ፣ ከቸርኬው አንድ ሁለት ሚሊ ማራቅ፣ ጎማውን እንዳይነካ ማየት። ከዚያ ቆሞ የፊት ፍሬን ጨብጦ ወደ ፊት መግፋት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ካልተነሳ ወይም እጀታው መሪውን ከነካ ገና አልተሠራም።

ይህን ሁሉ ለማሠራት የሚከፈለው ሲታሰብ፣ በእርስዎ ዋጋ ያገለገለ፣ ሾክ የሌለው፣ ከደህና ቤት የወጣ አሮጌ ሳይክል ይገኛል። ቀለሙ ደብዛዛ ነው። አካሉ ያልተሰነጠቀ፣ ፐርኖው ያልታጠፈ፣ ቸርኬው ያልተጣመመ ከሆነ ግን ካቴናና ሸራ ለውጦ መንዳት ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዋስትና ክፍል (ካርቶኑ ተያይዟል)
ለገጣጣሚው፤ ኤል ማለት ግራ ነው