ለተከበርከው ካምቢዮዬ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ዳገት ላይ ስለደረሰብኝ ውርደት ማብራሪያ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሲቪቲ ይሉሃል፤ እንደ ሌላው ካምቢዮ በማርሽ ሳይሆን በሁለት ፑሊ፣ ማለትም በሁለት ክቦች፣ ላይ በሚዞር ቺንጋ የምትሠራ ነህ። ካለህበት ወጥተህ እንደማታነብልኝ አውቃለሁ። አንተን ከመኪናው ሆድ ለማውጣት ሞተሩ በሰንሰለት መንጠልጠል፣ የፊት እግሩ መፈታታት አለበት፤ የሚያወጣህ መካኒክ ከተገኘ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሰው ፊት አነብልሃለሁ።

ትናንት ሰባት ሆነን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆች፣ የጎረቤት ልጅ እና አማቴ። መኪናዋን የገዛናት ሰባት መቀመጫ ስላላት ነው፤ ሰባት መቀመጫ ያለው ነገር ሰባት ሰው ይጭናል ብዬ ማሰቤ የእኔ የዋህነት ይሁን። ዳገቱን አጋመስነው፣ ቤንዚን ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የአርፒኤሙ ቀስት ወደ አራት ሺህ ሽቅብ ሲወጣ የፍጥነቱ ቀስት ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ኩርፈኛ ባልና ሚስት ሳይተያዩ ተላለፉ። ከዚያ ጥርሳም ክቧ መብራት ከነቃለ አጋኖዋ በራች። ሠላሳ። ሃያ አምስት። ሃያ።

አንድ ብስክሌት የሚነዱ አዛውንት በቀኝ በኩል ደረሱብን፣ ወደ ውስጥ ተመለከቱና «ልግፋችሁ?» አሉ። የምራቸውን ነው እኮ! አማቴ ከኋላ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኔ ልውረድ መሰለኝ። ያከበድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አይደሉም ብል አላመኑኝም፤ ወረዱ። ልጆቹ ተከተሏቸው፣ ባለቤቴም «ላግዛቸው» ብላ ወረደች። እኔና አንተ ብቻችንን ቀረን፣ አደጋ መብራቱን እያብለጨለጭን፣ በእግር ከሚሄድ ቤተሰቤ ኋላ ኋላ። አናቱ ላይ ስንደርስ ትንሿ ልጄ መንገድ ዳር ቆማ እያለከለከች ትጠብቀኛለች። «አባዬ፣ አሸነፍንህ!»

አሁን ግን ቀልዱን ላቁመው። እነሱ ከመውረዳቸው በፊት፣ ስትከዳኝ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና ነበር። ጡሩምባውን ሰማሁ፣ በመስታወት ሳይ ግንባሩ መስኮቱን ሞልቶታል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንድ ክንድ ቢቀረው ነው የቆመው። ሾፌሩ ወርዶ ሰደበኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የምመልስለት አጣሁ። ደግሞስ ምን ልበለው? «ካምቢዮዬ ሞቆት ነው»?

አንተ ግን አሥር ደቂቃ አርፈህ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣህ። መካኒኩ ፊትማ እንደ ጨዋ ልጅ አንገትህን ደፍተህ እልል ያለ አነዳድ። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ምንም የላትም!»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመለዋወጫ መሸጫው መስኮት ላይ ተሰለፍኩ። ቅጹን ታውቁታላችሁ፤ የካምቢዮ ዓይነት፦ ማንዋል፣ ኦቶማቲክ። ሁለት ሳጥን ብቻ። ለአንተ ሳጥን ስለሌለ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩህ። ሻጩ ልጅ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለውን የቻሲስ ቁጥር ሲመታ «ይቺ ኦ ናት ዜሮ?» አለኝ። በቻሲስ ቁጥር ውስጥ ኦ የሚባል ፊደል እንደማይገባ እኔ አስረዳሁት፤ በአንተ ምክንያት ያልተማርኩት የለም። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፦ የጠየቅሁት ዕቃ ምርቱ ቆሟል። «ካልሆነ ሙሉውን ካምቢዮ እንጠይቅልዎ ነበር» አለኝ። ነበር? «እሱም ቆሟል።» ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

ዘመዶችህ በስንቱ መኪና ውስጥ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ያንተን ዓይነት ብቻ ነው አምራቾቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ አስበው፣ የተዉት። የመኪናዬ ታናናሾች ባለስድስት ማርሽ ሆነው ወጡ። እኔ ከሙከራው ጋር ቀረሁ።

ዘርህ ግን የተከበረ ነበር። አያትህ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣችው የሆላንዷ መኪና ዳፍ 600 በሁለት የጎማ ቺንጋ ትሄድ ነበር፤ ወደፊት የምትሮጠውን ያህል ወደኋላም ትሮጥ ስለነበር ሆላንዶች የኋሊት ውድድር ያካሂዱባት ነበር። አንተ ወደየትኛውም አትሮጥም። በ1993 ደግሞ የውድድር ቡድኑ ዊሊያምስ በፎርሙላ 1 መኪናው ላይ ሞከረህ፤ አንድ ውድድር እንኳ ሳትሮጥ ከ1994 ጀምሮ ታገድክ። አንተን በፍጥነት የጠረጠረ ሰው እንደነበር ለአማቴ ብነግራቸው አያምኑኝም።

የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ የለህም።

ዘይት ካነሣን አይቀር። የመኪናዋ መመሪያ ያንተን ዘይት «የዕድሜ ልክ» ይለዋል፣ አይቀየርም። አንተ ማለት ሁለት ፑሊና በመካከላቸው የተጨመቀ የብረት ቺንጋ ነህ፤ ብረት ብረትን ጨብጦ ሰባት ሰው የሚጎትተው በአንዲት ስስ የዘይት ሽፋን አማካይነት ነው። ያቺ ዘይት በሙቀት ስትደክም ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይጫራል፣ የተጫረ ፑሊ ደግሞ አይሞረድም። ባለፈው ሲከፈት ከሰል የታጠበበት ውኃ የመሰለ ነገር ፈሰሰ፣ የብረት ብናኝ የሚለቅመው ማግኔትም ጢም አብቅሏል። የዕድሜ ልክ! የማን ዕድሜ? ቆይቼ ገባኝ፣ ቃሉ እውነት ነው፤ ዘይቱ ሲሞት አብረህ ትሞታለህ፣ እስከዚያ ዋስትናው አልቋል። ይህን የጻፈው ሰው ልጆቹን መጨረሻ ወንበር ላይ ጭኖ ዳገት ወጥቶ ያውቃል? ቢያንስ «ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ቀይር» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍልኝ ምን ይጎዳው ነበር?

ልሽጥህ ብዬም ነበር። ሲቪቲ ናት ስላቸው ስልኩ ይቋረጣል።

ስለሆነም እስከ ሚቀጥለው ዳገት ድረስ ማብራሪያህን በጽሑፍ እንድታቀርብልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሞተሩ፤ ከጩኸት በቀር ጥፋት ስላልተገኘብህ ሥራህን ቀጥል።
ለአማቴ፤ በእርስዎ ክብደት እንዳልሆነ በድጋሚ እንዲታወቅልኝ።
ለትንሿ ልጄ፤ አዎ፣ አሸንፈሽኛል።