ኪኒኑ ተቆጥሯል፣ ስህተቱስ?

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ አንድ ካርቶን አሞክሲሲሊን ቢጎድል ብዙ ሳይቆይ ይታወቃል። ገቢና ወጪው የሚጻፍበት ቢን ካርዱ ይናገራል። የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ይናገራል። እነሱ ዝም ቢሉ እንኳ ኦዲተሩ ይናገራል። ያው አሞክሲሲሊን፣ የፔኒሲሊን ዘር ነውና፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ቢሰጥስ? በሽተኛው ራሱ ተመልሶ ካልጮኸ በቀር የሚናገር የለም።

ይህን የምለው ቁጥጥሩን ለማጣጣል አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነሥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ ባለሙያዎቹ «ኤፒቲኤስ» የሚሉት፣ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎትን ለኦዲት ክፍት የሚያደርግ አሠራር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ስንት መድኃኒት እንደገባ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ ጊዜው አልፎበት እንደተወገደ በደረሰኝና በመዝገብ ይታወቃል። ጥሩ ነው። ግን ብሩን እንዲህ መከታተል ከቻልን፣ ስህተቱን መከታተል ለምን ያቅተናል?

ስህተቱ ደግሞ ከሰነፍ ሠራተኛ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሜትፎርሚንና ሜትሮኒዳዞልን እንውሰድ። አንዱ የስኳር ነው፣ አንዱ የአሜባና የሌላ ኢንፌክሽን። ስማቸው አንድ ዓይነት ይጀምራል፣ በፊደል ተራ በተደረደረ መደርደሪያ ላይ ጎረቤት ናቸው። የሐኪሙ ጽሑፍ ደግሞ የታወቀ ነው። ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ፣ እጅ ወደ ጎረቤቱ ቢሄድ ምን ይገርማል?

«መድኃኒቱ ራሱ መች ተገኘና ነው ስለ ጥራት የምታወራው?» የሚለኝ ይኖራል። እጥረቱ እውነት ነው። ግን ስህተትን የሚወልደው አንዱ እሱ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዞ መደርደሪያው ላይ ያለው ባለ 10 ብቻ ከሆነ፣ «ግማሽ ግማሽ እያደረጉ ይውሰዱ» ተብሎ ይሰጣል። በሽተኛዋ እናት ቤታቸው ሲደርሱ የሚያስታውሱት በቀን አንድ የሚለውን የድሮውን ነው። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ የተጫረውን ማን ያነብላቸዋል? እጥፍ መጠን እየወሰዱ ራሳቸውን ቢያዞራቸው «ግፊቴ ተነሣብኝ» ይላሉ እንጂ ፋርማሲውን አይጠረጥሩም።

ፍሪጁም ሌላ ጉድ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ወላድን ከደም መፍሰስ የሚያድነው ኦክሲቶሲንም እንዲሁ። መብራት ቅዳሜ ማታ ጠፍቶ ሰኞ ቢመጣ፣ ወይም ኢንሱሊኑ ከፍሪጁ ግድግዳ ተጠግቶ በረዶ ቢይዘው፣ ብልቃጡን አይቶ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። የበሽተኛው ስኳር አልወርድ ሲል ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይም «ምግብ አልተጠነቀቅክም» ብሎ ይቆጣዋል። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ ግን ወሩን ሙሉ 4፣ 4፣ 4 የሚል፣ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ተቆጣጣሪን ያስደስታል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። ብልቃጡ ደግሞ ዱቄት መርፌ ከሚበጠበጥበት ውሃ ጋር የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያልተበረዘው ከሕሙማን ክፍል ወጥቶ ተለይቶ እንዲቀመጥ ሲመክር ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥንና የአንድ ሜዲካል ዳይሬክተር ፊርማ ይበቃል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ዘመቻ ሲጀምር፣ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ዓለምን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮችም ይሳሳታሉ ማለት ነው። ልዩነቱ ስህተቱን መዝግበው የሚማሩበት መሆናቸው ነው።

እኛም ጋ ቅጹ አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያሰራጨው ቢጫ ቅጽ የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የአሰጣጥ ስህተትና የጥራት ጉድለትም ይመዘገብበታል። ችግሩ መሳቢያ ውስጥ መተኛቱ ነው። ለምን ይተኛል? ስህተቱን ያመነ ፋርማሲስት የሚጠብቀው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነዋ! ደመወዙ ይቆረጥ ይሆናል፣ ስሙም ይጠፋል። ዝም ያለው ግን ምንም አይሆንም። እንዲህ እያደረግን ማን ይጽፋል?

ሆን ብሎ ያጠፋ ይጠየቅ፣ አልቃወምም። በሥራ ብዛት የተሳሳተና ራሱ ያሳወቀ ግን በዚያ ምክንያት ሊቀጣ አይገባም። ይህንን የሆስፒታሉ አመራር በጽሑፍ ያውጣና መስኮቱ ጀርባ ይለጥፈው። ከዚያ ብሩ በየወሩ በሚቀርብበት ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ በዚህ ወር በሽተኛው ጋ ሳይደርስ የተያዘ ስህተት ስንት ነው፣ የደረሰስ? በቀን መቶዎችን እያስተናገደ ዜሮ ብሎ የሚጽፍ ሆስፒታል ካለ፣ ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ እሱ ጋ ይሂዱ።