ነጭ ወረቀት ከሆነ ስቶር አለልሽ!

እስኪ ልተንፍስ። ገና ከስብሰባው መውጣቴ ነው። ጆሮዬ አሁንም ይግላል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ያ ስንት ቀን ስነጫነጭበት የከረምኩት የደረሰኝ ገጽ አለ አይደል? ዛሬ ለአለቆች የሚታይበት ቀን ነበር። ትናንት ማታ እኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ሙሽራ አጊጦ ነበር። ሠንጠረዡ፣ ሎጎው፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሁሉም። ኤክስኤምኤሉ (በታግ የታጠረው መረጃ) አንድ ፋይል፣ ኤክስኤስኤልቲው (መረጃውን ወደ ገጽ የሚቀይረው ቋንቋ) አንድ ፋይል፣ ብሮውዘሩ ራሱ አጋብቶ ያሳያል። ሲያወሩት እንዴት ይጥማል!

ሥራ አስኪያጃችን "በእኔው ላፕቶፕ እንየው" አሉ። ፍላሹን ሰጠኋቸው። ሁለቴ ክሊክ። ክሮም ተከፈተ።

ነጭ።

ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ስህተት የለ፣ ግድግዳ የሚያህል ነጭ ብቻ ፕሮጀክተሩ ላይ።

"እየጫነ ነው?"

"አዎ... ማለቴ አይ፣ ጨርሷል።"

"ጨርሶ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ትናንት ይሠራ ነበር፣ ጋሼ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው፦ "የኔ ልጅ፣ ነጭ ወረቀት ከሆነ እኮ ስቶር ውስጥ ሁለት ካርቶን አለን።"

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ሻይ ትን አላቸው። እሱስ ይሁን። ያ ገና ሁለት ወር ያልሞላው ተለማማጅ "በጄሰን ቢሆን ኖሮ..." ሲል ግን ደሜ ፈላ። አንተ ልጅ! ጄሰን ሌላ የመረጃ አጻጻፍ ነው፣ ኤክስኤምኤሉን የሚልክልን ግን ደንበኛው ነው። እኔ መረጥኩት እንዴ?

የሆነው ነገር የገባኝ ደረጃ ስወርድ ነው። ፋይሉን ከፍላሽ በቀጥታ ስትከፍቱት፣ ክሮም አጠገቡ የተቀመጠውን የኤክስኤስኤልቲ ፋይል "አላውቀውም" ብሎ አያስገባውም። ለደህንነት ነው አሉ። እኔ ጋ የሠራው ላፕቶፔ ላይ ትንሽዬ ሰርቨር ስላስነሳሁ ነው። ምክንያቱ ኮንሶሉ (ብሮውዘሩ ስህተቱን የሚጽፍበት፣ በኤፍ12 የሚከፈት መስኮት) ላይ ተጽፎ ነበር፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ኤፍ12 መጫን ትዝ ይለዋል?

ሌላው ቋንቋ ሲከፋው ይጮሃል። ኤክስኤስኤልቲ ግን ያኮርፋል። ቀኑን ሙሉ "ምን አደረግኩህ?" እያላችሁ ትለማመጡታላችሁ።

ባለፈው ወር ደንበኛው ኤክስኤምኤሉ አናት ላይ ኔምስፔስ (ለታጎቹ እንደ ቤተሰብ ስም ያለ) ጨመረ። አንዲት መስመር! የታጎቹ ስም ያው፣ መልካቸው ያው። የሠንጠረዡ ራስጌ ብቻ ቀረ፣ ከሥሩ አንድ ረድፍ የለም። ለካ ስማቸው ፊት ቅጥያ ካላደረግኩላቸው አቤት አይሉም። "አቶ" ሳትሉት ከጠራችሁት የማይዞር ዘመድ አለ አይደል? እሱን ነው። አርብ ማታዬን በላው፣ የልደት ግብዣ ቀረሁ፣ እስካሁን የተቀየመችኝ ጓደኛ አለች።

ደግሞ ቫሪያብል ይሉታል። አንዴ ዋጋ ከሰጣችሁት ንቅንቅ አይልም። ተለዋዋጭ ተብሎ የማይለወጥ! ዋጋን በብዛት አባዝቼ ለመደመር ብቻ ራሱን በራሱ የሚጠራ ቴምፕሌት (የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ። አንዲት ባለሱቅ በጣቷ የምትጨርሰውን።

ቀንማ አታንሱብኝ። የኤክስኤስኤልቲ ስሪት 1.0 ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ ፊደል ነው። እየቆራረጥኩ፣ እየደመርኩ፣ እየቀነስኩ፣ ጳጉሜን ሳይቀር 13ቱን ወር በእጄ ደረደርኩ። 2.0 በፈረንጅ 2007 ወጥቷል፣ 3.0 በ2017። ብሮውዘሮቹ ግን የ1999ኙ ላይ ቆመው ቀሩ። እኛ ጋ ገና 1992 ነበር እኮ! እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር።

ይባስ ብሎ ጉግል ኤክስኤስኤልቲን ጭራሽ ከክሮም ሊያወጣው ነው። ቀን ተቆርጦለታል፣ ኖቬምበር 2026። ውስጡ ያለው የሲ ኮድ አርጅቷል፣ ለጥቃት በር ይከፍታል፣ ተጠቃሚውም ጥቂት ነው ተባለ። ዜናውን ሳነብ እልል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተናደድኩ! እኔ ብሰድበው ያምርብኛል፣ ስንት ሌሊት አብረን አድረናል። እነሱ ምን ቤት ናቸው? ደግሞ ያ ሁሉ 13 ወር፣ ያ ሁሉ ጳጉሜ፣ በአዲስ ልጻፈው ነው? በጄሰን? ያ ልጅ እያየኝ?

ይሄን ስጽፍ ታክሲዋ ሞልታ አለፈችኝ። ቴሌግራም ገባ። ጋሼ ናቸው፦

"ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ደንበኛው ጋ እንሄዳለን። ፍላሹን እንዳትረሺ።"